ዶሮ ትባርካለህ?

ክፍሉን ልከራይ የሄድኩ ዕለት እትዬ የሺመቤት እጠጣ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ራሴን ግራና ቀኝ ወዘወዝኩ። ማታ ማታ ሰው አመጣ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አሁንም ወዘወዝኩ። ቀጥለው ዶሮ ትባርካለህ ወይ አሉኝ። ራሴ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ሄደ።

በሕይወቴ አንድም ዶሮ አርጄ አላውቅም። አባቴ በዓል በመጣ ቁጥር ቢላ ሲስል ጓሮ ዞሬ ጆሮዬን የምይዝ ልጅ ነበርኩ። ነገር ግን ሰው ፊት ለፊት ሲጠይቀኝ፣ ያውም እናቴን የሚያህል ሰው፣ እምቢታ ከጉሮሮዬ አይወጣም። ከሁለት «አይ» በኋላ ሦስተኛውን መጨመር ነውር መሰለኝ።

«ስምህ ማን ነው አልከኝ?»

«ኤልቃና።»

«ጴንጤ ነህ ማለት ነው። ይሁን። በስመ አብ ካልክ ለእኔ ይበቃኛል» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

ክፍሉ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ሊያልቅ ሲል ከአስፋልቱ በሚገነጠለው ኮረኮንች ቅያስ ውስጥ ነው። ከጓሮው አጥር ጀምሮ ባሕር ዛፉ ወደ እንጦጦ ይወጣል። ፀሐይ ያስገባል፤ ውኃ አይጠፋም፤ ታክሲ መያዣው ቅርብ ነው። ይህን ሁሉ ያገኘሁት በአንገቴ ስህተት መሆኑ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው። ከእኔ በፊት የነበረችው ተከራይ ፌበን የምትባል ነርስ ናት፤ እትዬ የሺመቤት እስከ ዛሬ ንጽሕናዋን አንስተው አይጠግቡም፤ በተለይ የእኔን ክፍል ባዩ ቁጥር። ስትለቅ እህቷን ልታስገባ ለምናቸው ነበር። እምቢ ያሉት ወንድ ፈልገው ነው።

ምክንያቱን የነገሩኝ ከገና በኋላ ነው፤ ለገና እኔ ነቀምቴ ቤተሰቦቼ ዘንድ ነበርኩ። ባለቤታቸው ጋሽ ገበየሁ ካረፉ ወዲህ፣ በዓል በደረሰ ቁጥር እትዬ የሺመቤት ዶሮና ቢላ ይዘው በር ላይ እየቆሙ አላፊ አግዳሚውን ወንድ ይለምናሉ። ሴት ያረደችው አይበላም። ወንድ የሌለበት ቤት ሁሉ ዋዜማውን እንዲሁ ነው የሚውለው። ለገና አንድ ጎረምሳ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ እንዳልሰማ አለፋቸው። ሌላው ሱሪዬ ይበላሻል አላቸው። በመጨረሻ እሺ ያላቸው መጠጥ የቀመሰ ሰው ነበር፤ አንገቷን ሳይጨርስ ስለለቀቃት ዶሮዋ ቅያሱን እየደማች ዞረች፤ እሳቸውም ነጠላቸውን እየጎተቱ ከኋላዋ ሮጡ። ጎረቤት ሁሉ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«የዚያን ዕለት ጋሽ ገበየሁ እንደገና ሞቱብኝ» አሉኝ። ከዚያ ጉልበቴን መታ አደረጉና «ለፋሲካ ግን አንተ አለህልኝ» አሉ።

ነቀነቅኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ጾሙ እንደገባ ሸለምጥማጥ ከባሕር ዛፉ ወርዶ የዶሮ ቤቱን ቆርቆሮ ፈልቅቆ ገባ። ከእትዬ የሺመቤት ሦስት ዶሮዎች ሁለቱን ወስዶ ሦስተኛዋን፣ ገብስማዋን፣ ጀርባዋን ከክንፏ ሥር እስከ ጭራዋ ገሽልጦ ትቷት ሄደ። ጠዋት ለሥራ በሬን ስከፍት እትዬ የሺመቤት በአንድ እጃቸው ዶሮዋን፣ በሌላው ቢላዋን ይዘው ቆመዋል።

«ሳትሞት ባርካት። እኔ ጾመኛ ነኝ፤ አንተ አትጾምም። ሠርተህ ብላት፤ በከንቱ ከምትቀር።»

ደግነት ነበር። ለደግነት ደግሞ እምቢ ማለት ከሁሉም ይከብዳል። ቢላዋው ጠርዙ ላይ ያበራል። ዶሮዋ አንገቷን አጣማ በአንድ ዓይኗ አየችኝ፤ ልመና አልነበረም፤ ንቀት ነበር።

«ትድናለች» አልኩ።

ቃሉን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ስለ ዶሮ የማውቀው ሳህን ላይ ከወጣች በኋላ ያለውን ነው። እትዬ የሺመቤት ቢላዋውን ዝቅ አደረጉ፤ ፊታቸው ላይ ያልጠበቅኩት አክብሮት መጣ።

«ሕክምና ታውቃለህ እንዴ?»

አንገቴ እንደ ልማዱ መለሰላቸው። ዶሮዋን ደረቴ ላይ አስታቅፈውኝ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

የምሠራው መገናኛ አካባቢ ካለ ማተሚያ ቤት ነው፤ አራሚ ነኝ። በጾም ሠርግ ስለሌለ፣ ከፋሲካ በኋላ የሚያገባው ሁሉ የጥሪ ካርዱን የሚያሳትመው በጾሙ ነው። ከዓመቱ ውስጥ ቀና የማልልበት ጊዜ ቢኖር ያ ነው። በዚያ ጠዋት ሸሚዜ ላይ ደም ይዤ አርፍጄ ስገባ፣ የወረቀት መቁረጫው ላይ የሚሠራው ቶሌሳ ምን ሆነህ ነው አለኝ። ነገርኩት። ቶሌሳ ያደገው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ በኩል ነው። ፌጦ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ወቅጠህ አጉርሳት፣ ቁስሉን ውኃ እንዳታስነካው አለኝ። እህቴ ዶርቃ በስልክ ቁስሉን በየቀኑ በጨው ውኃ እጠበው አለችኝ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ዳርቱ ለጋ ቅቤ ቀባው አሉኝ። እትዬ የሺመቤት ደግሞ ከእንጦጦ ጠበል በሃይላንድ ጠርሙስ ይዘው መጡ። ለዶሮ እንደሆነ ተናግረው እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ማንም አልጠየቀኝም አሉ። ሁሉም እርግጠኛ ነው፤ ሁሉም ማታ ማታ ምክሩን መፈጸሜን ይጠይቃል። እኔም ለሁሉም እነቀንቃለሁ።

ፋርማሲ ሄጄ ቴትራሳይክሊን ቅባት ጠየቅኩ። ልጅቷ ለየትኛው ዓይን ነው አለችኝ። ለዓይን አይደለም፣ ለጀርባ ነው አልኳት።

«የማን ጀርባ?»

ከኋላዬ ሰልፍ አለ። «የዶሮ» አልኩ ቀስ ብዬ።

«የማን?»

«የዶሮ።»

ሰልፉ ሁሉ አንገቱን ወደ እኔ መዘዘ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ በጣም ተቆርቋሪ በሆነ ድምፅ፣ ልጄ ቅባቱን ተወውና ዶሮዋን አመድ ቀባት አሉኝ።

የዘይት ካርቶን ውስጥ አስተኛኋት። ከሥሯ ቶሌሳ የሰጠኝን የካርድ ቁራጭ አነጠፍኩላት፤ በየቁራጩ ላይ ግማሽ ሙሽራ፣ ሩብ ሚዜ፣ «ክቡር መገኘትዎን» የሚል ይታያል። ያንን ሁሉ ጥሪ በአንድ ቀን አበላሸችው። ከቁስሉ ዙሪያ ያለውን ላባ በመቀስ ስቆርጥላት የእጄን አንጓ ነከሰችኝ። በማግስቱ ቅባት ስቀባት እዚያው ቦታ ላይ ነከሰችኝ። ሦስተኛውን ቀን ሌላኛውን እጅ ሰጠኋት፤ ትታ የቆሰለውን ፈልጋ ነከሰች። ዝንብ እንዳያርፍባት የአሮጌ ሹራቤን እጅጌ ቆርጬ፣ ለክንፍ ቀዳዳ አውጥቼ አለበስኳት። ግራጫ ሹራብ የለበሰች ዶሮ ክፍሌ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስትል፣ ኪራይ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ትመስላለች።

በቆሎ ገዛሁላት፤ አልበላችም። ስንዴ ሞከርኩ፤ በእግሯ በተነችው። አንድ ቀን ደክሞኝ ሩዜን በቲማቲም እየበላሁ ሳለ ከካርቶኑ ዘላ ወጥታ ከሳህኔ በላች። ከዚያ ወዲያ ሌላ አፏ አላስገባችም። እኔ ሩዝ መቀቀል የምጠላ ሰው ነኝ፤ ብዙ ጊዜ ዳቦ በሻይ የምበላው ለዚያ ነው። አሁን ግን ለዶሮ ስል በየማታው ሩዝ እቀቅላለሁ፤ ጨው ቢበዛ ትተወዋለች።

ጠዋት ጠዋት እትዬ የሺመቤት ከቅዳሴ ሲመለሱ በሬን ያንኳኳሉ። «አደረች?» ይላሉ። እኔን ደህና አደርክ የሚሉኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዳንድ ቀን ይረሱታል።

ያም ሆኖ በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ደስ የሚል ነገር ነበር። ጾሙ ሲጋመስ እትዬ የሺመቤት ገብስማዋን በበር አጮልቀው አይተው፣ ይቺማ መድኃኒት ገብቶባታል፣ እስክትድን አትበላም፣ ለፋሲካ ወንድ ዶሮ ይገዛል አሉ። ለካስ በሕክምና ላይ ያለች ዶሮ አትታረድም! ሩቅ ለነበረው ችግሬ መላ ያገኘሁ መሰለኝ። ለሚገዛው ዶሮ ደግሞ ሌላ ዘዴ አላጣም፤ ዶርቃ ቤት ኮተቤ አለ፤ የሥራ ብዛት አለ፤ ድንገተኛ ሆድ ቁርጠት አለ። ገብስማዋ ግን በሹራቧ ውስጥ እስካለች ድረስ ማንም አይነካትም። ወደድኳት ማለት አይደለም። ያንን ያህል ሩዝ የበላች ዶሮ በእኔ እጅ እንዳትሞት ፈልጌ ነው።

ቁስሉ መድረቅ ሲጀምር ዝም አልኩ። አዲስ ቆዳ ሲያበጅ፣ ላባ እንደ ጢም ቆጥቆጥ ሲል፣ ሹራቡን ይበልጥ አጠበቅኩት። እትዬ የሺመቤት እንዴት ናት ሲሉኝ ትንሽ ይቀራታል እላለሁ። ሆሳዕና ዕለት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ጣታቸው ላይ የዘንባባ ቀለበት አድርገው ግቢው መሃል ቆመው ነበር። በሬን ገርበብ አድርጌ ልብስ ሳሰጣ ይቺ ምስጋና ቢስ ወጣች። ሹራቧን የት እንዳወለቀችው እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀጥ ብላ እትዬ የሺመቤት እግር ሥር ሄደች፤ አፈሩን ጫረች፤ ተንከባለለች፤ ተነሥታ ላባዋን አራገፈችና የአንድ ሰፈር ሰው የሚሰማው ካካታ አሰማች።

እትዬ የሺመቤት በሁለት ክንፏ አንሥተው ክብደቷን መዘኑ።

«ዶሮ ሆናለች እኮ» አሉ። «ምን ሌላ እገዛለሁ? ለፋሲካ እሷው ናት። በእጅህ ያዳንካት፣ በእጅህ ትባርካታለህ።»

ቃላቸው ውስጥ ሽሙጥ አልነበረም። ትልቅ ነገር የሰጡኝ መስሏቸው ነበር። ገብስማዋ በእጃቸው ላይ ተንጠልጥላ በዚያች በአንድ ዓይኗ አየችኝ። እኔን ምን ታዪኛለሽ፣ ወጥተሽ የተናገርሽው አንቺ ነሽ ልላት ነበር።

የሕማማትን ሳምንት እንዴት እንደጨረስኩት አልናገርም። ዓርብ እትዬ የሺመቤት ስግደት ውለው ጉልበታቸውን ይዘው ተመለሱ። ቅዳሜ ጠዋት ራሳቸው ላይ ቄጤማ አስረው፣ ሽንኩርት ሲከትፉ ዋሉ። እኔም ከሰዓት በኋላ ቦርሳዬን አንግቤ ወጣሁ። ዶርቃ አሟታል ልል አስቤ ነበር፤ ደግነቱ ወጥ ቤት ነበሩና አላዩኝም። ከታክሲው ሆኜ እደውልላቸዋለሁ አልኩ። በስልክ መዋሸት ይቀላል።

የውጭውን በር ስከፍት ቅያሱ በሙሉ ቆሟል። በየበሩ ሴት አለች፤ በየሴቷ ብብት ዶሮ፣ በየእጁ ቢላ። ወይዘሮ ዳርቱ ቀይ አውራ ዶሮ ታቅፈው ከበራቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ባለቤታቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በዓል መንገድ ላይ ነው የሚያገኘው። ወንዶች በመሃል እያለፉ ነው፤ ሁሉም ስልካቸው ላይ አስቸኳይ ጉዳይ አግኝተዋል።

«እዚህ ሰፈር ወንድ እንደ ታክሲ ነው» አሉኝ ወይዘሮ ዳርቱ። «ስትፈልገው ሞልቶ ያልፋል። ኤልቃናዬ፣ የየሺመቤትን ስትጨርስ የእኔን አደራ። ዘንድሮ በር ላይ አልቆምም፣ ወንድ ልጅ አለኝ ብላ ስትኮራብን ነው የሰነበተችው።»

ከዚያ ቦርሳዬን አዩ። «ወዴት ነው?» አላሉኝም። ቦርሳውን ብቻ አዩ።

ወደ ኋላ ዞር ብዬ ገርበብ ባለው በር አየሁ። እትዬ የሺመቤት ሽንኩርታቸውን ጨርሰው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጀርባቸው ለበሩ ነው። ከአጠገባቸው የፈላ ውኃ፣ ሰፌድ፣ የተሳለ ቢላ፤ እግሯ የታሰረ ገብስማ። ወደ በር የማያዩት ማየት ስለማያስፈልጋቸው ነው። እንደዚያ ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ተመልሼ ገባሁ። ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«እትዬ የሺመቤት፣ እኔ ዶሮ ባርኬ አላውቅም። አልችልም።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ስጠይቅህ አዎ ብለሃል።»

«ራሴን ነው የነቀነቅኩት።»

«እና ራስ መነቅነቅ ምንድን ነው? የአንገት ስፖርት?»

ዶሮዋን አዩ፤ ጀርባዋ ላይ ያለውን መላጣ አዩ፤ እንደገና እኔን አዩ።

«ጾሙን ሙሉ ዶሮ ስታስታምም የከረምከው እንዳትባርክ ብለህ ነው?»

ነቀነቅኩ።

«አሁንም ትነቀንቃለህ» አሉ። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ቢጮኹብኝ በተሻለ። ተነሡ፤ ጉልበታቸው ከስግደቱ ስላልተፋታ በእጃቸው ግድግዳውን ይዘው ነው የተነሡት። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ቢላዋውን አነሡ፤ ለዶሮዋ ጎንበስ አሉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ንዴት አልነበረም። ሰው በር ላይ ለመቆም የሚያደርገውን ፊት ነበር ያደረጉት።

«እኔ ልቁም» አልኩ።

«የት?»

«በር ላይ። እኔ ይዣት ልቁም።»

«ወንድ ዶሮ ይዞ በር ላይ ሲቆም የት አይተህ ታውቃለህ? ይስቁብሃል።»

«ይሳቁ።»

ቢላዋውን ለመስጠት አመነቱ። ኋላ ግን ከነዶሮዋ ለቀቁልኝ።

ሳቁብኝ። ወይዘሮ ዳርቱ መጀመሪያ ስላልገባቸው ና ይሄን ያዝ አሉኝ፤ ሲገባቸው ድንጋዩ ላይ እስኪንከባለሉ ሳቁ። ከሴቶቹ አንዷ አዲስ ሴት መጥታለች፣ ቦታ ልቀቁላት አለች። ገብስማዋ ብብቴ ውስጥ ተመቻችታ ተቀመጠች፤ ያቺው የለመደችው የእጄ አንጓ አፏ ሥር ነበር፤ አልነከሰችኝም። ጎረምሶች ሲያልፉ ወንድሜ፣ ትባርክልኛለህ እላለሁ፤ ድምፄ አልወጣ እያለኝ። አንዱ ቆሞ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«አንተስ? እጅ የለህም?»

«አልችልም» አልኩት።

ሁለተኛ ጊዜ ስለው ቀለለኝ። እሱም ትከሻውን ነቅንቆ አለፈ።

ፀሐይ ባሕር ዛፉ ጀርባ ልትገባ ስትል የታክሲ ረዳት የሆነ፣ የኳስ ማልያ የለበሰ ልጅ ከአስፋልቱ ወደ ቅያሱ ገባ። ሳልጨርስለት አምጣ አለ። እጅጌውን ሰበሰበ፤ ቢላዋውን በአውራ ጣቱ ሞከረ፤ ከዚያ ጀርባዋን ሲያይ እጁ ቆመ።

«ይቺ ምን ሆና ነው? ታማለች እንዴ? የታመመ አልባርክም።»

ከኋላዬ የቆርቆሮው በር ትንሽ ተንቋቋ። እትዬ የሺመቤት ከጀርባው ቆመው እየሰሙ ነበር። አንገቴን መነቅነቅ ብቻ ይበቃ ነበር፤ አንገቴ ደግሞ ይህን ሥራ ያውቀዋል። ልጁ ይሄዳል፤ ዶሮዋ ወደ ካርቶኗ ትመለሳለች፤ እትዬ የሺመቤት ፋሲካን በሽንኩርት ብቻ ይፈስካሉ።

«ታማ ነበር» አልኩት። «ድናለች።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እኔ ነኝ ያዳንኳት።»

«እንግዲያው እግሯን ያዝልኝ።»

ያዝኩለት። በስመ አብ አለ። ጆሮዬን መያዝ አልቻልኩም፤ እጆቼ ሥራ ላይ ነበሩ።

ልጁ እጁን ሳይታጠብ ወይዘሮ ዳርቱ ቀዩን አውራ ዶሮ ይዘው መጡ። ከቆማችሁ አይቀር አሉ። ቀጥሎ ከላይኛው በር ያሉት መጡ፤ ቀጥሎ ከማዶ። ልጁ ይባርካል፤ እኔ እግር እይዛለሁ። ሲመሽ ሱሪዬ ከጉልበቴ በታች ሌላ ቀለም ሆኖ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ የሺመቤት ፍስክ እንካፈል ብለው አስጠሩኝ። ወይዘሮ ዳርቱም ነበሩ። እትዬ የሺመቤት ከድስቱ ውስጥ በማንኪያ ሲፈልጉ ቆዩና አንድ ብልት አውጥተው ፊቴ አስቀመጡ። ፈረሰኛው ነበር፤ የአባወራው ድርሻ። ጋሽ ገበየሁ ካረፉ ወዲህ ማን ይበላው እንደነበር አላውቅም። ወይዘሮ ዳርቱ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ እትዬ የሺመቤት ሲያዩአቸው ዘጉት።

አነሣሁት። ጠረኑ ጥሩ ነበር፤ ወጡ ወጥ ነበር። ሥጋዋ ግን እንደ ጠባይዋ ነው። ብታኝከው አያልቅ፣ ብትውጠው አይወርድ።

«ምን ብታበላት ነው?» አሉ እትዬ የሺመቤት እሳቸውም እያኘኩ።

«ሩዝ።»

«ሩዝ» አሉ ለወይዘሮ ዳርቱ፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ። «ዶሮን ሩዝ።» እንደገና አኘኩ። «ለእንቁጣጣሽ የታመመ ነገር እንዳታመጣብኝ፤ ደህና ዶሮ እገዛለሁ። በር ላይ ግን ትቆምልኛለህ አይደል?»

ገብስማዋ አፌ ውስጥ እምቢ እንዳለች ነበር። ነቀነቅኩ።